የግራ ጎን አፎት

የኛ ጀልባ መሪ የለው፣ በገመድ ነው የሚጎተት፣
ፊንላንድ ጠረፍ ላይ፣ ከደሴት ወደ ደሴት፤
ስምንት ደቂቃ ሄዶ፣ ስምንት ደቂቃ ይመለሳል፤
ጥር ላይ በረዶ ሲጋገር፣ ጥርሱን እያፋጨ ያልፋል።

ሥራዬ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ በር ከፍቶ በር መዝጋት፣
የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ የጠበቀ ማላላት።
ለዚህ ሁሉ አንድ ዕቃ፣ መዳፍ የማትሞላ ብረት፤
ስትታጠፍ ዱዳ ናት፣ ስትዘረጋ ባለ ምላስ፦
ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞረድ፣ ወስፌ፣ መጋዝ፣ መቀስ።
"ሁለት ስለት ባንድ አፎት አያድርም" ይላል ሰው፤
እሷ ስምንቱን አጥፋ፣ በሰላም ነው የምታሳድረው።
ጣጣው እዚህ አይደለም።
ጣጣው፣ እሷን የት ላሳድራት ነው?

መጀመሪያ ኪሴ ገባች።
ኪስ ለሳንቲም የተሰፋ፣ ብረት አልችልም አለ፤
ሱሪዬ እንደ ባለ ዕዳ፣ ባንድ ጎኑ ተንጋደለ፤
ከቁልፌ ጋር ተጣላች፣ የስልኬን ፊት ቧጨረች፣
በሦስተኛ ወሯ ቀድዳ፣ ጫማዬ ላይ ወረደች።
ቱሊኪ፣ ሚስቴ፣ ጠቀመችው፦
"የመጨረሻዬ ነው፤ ኪስ እንጂ ጆንያ አልሰፋም" አለች።

በክር አንገቴ ላይ ሰቀልኳት።
ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ከፊቴ፣ እንደ ደወል ስትዞር
የሞተሩ ቀበቶ ዘንድ፣ አንዴ ልትወስደኝ ነበር።
አለቃችን ክሩን በጠሰ፣
"አንገት ለራስ ነው" ብሎ፣ ሌላ ቃል ሳይናገር።

ናይለን ገዛሁ ከዚያ፣ ከመረብ ሻጩ ሱቅ፣
ጥቁር፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ ቢረጥብ ቶሎ የሚደርቅ፤
ክዳኑ ግን ተጣባቂ ነው፣ ምስጢር የማይጠብቅ፦
"ችርርርት!" ይላል ሲላቀቅ።
ዳክዬ ያስበረግጋል፣ የተኛ ሕፃን ያባንናል፤
ጆሮ ምን የማይለምደው አለ፣ ይለምዳል አልኩ፣ ይለምዳል።

ኅዳር ላይ ኦይቫን አሻገርን።
የሞተር ጠጋኝ ነበረ፣ ግራኝ፣ ዝምተኛ ሰው፤
ሳጥኑ በመኪና ጀርባ፣ የሰዉ ባርኔጣ በእጁ ነው፤
ገመዱ እንኳ ያን ለት፣
አዝኖ ነው መሰል፣ ድምፅ የለው።
ድንገት የበሩ ማጠፊያ፣ ቋ ቋ ማለት ጀመረ፣
እጄ ከልቤ ቀድሞ፣ ወደ ጎኔ በረረ፦
ችርርርት!
ሁሉም ዞረ።
ሂልካ፣ ሚስቱ፣ ወገቤን አየች፤
ፊቴን አይደለም፣ ወገቤን።
ከዚያ ወደ ሳጥኑ ተመለሰች።

አፈርኩ። ናይለኑን ጥዬ
ደረቅ ፕላስቲክ ገዛሁ፣ ቀጭ ብሎ የሚቆልፍ፣
ፈጣን ነው፣ ጨዋ ነው፣ እስከ ጥር፣ እስከ ብርዱ ጫፍ።
ከዜሮ በታች ሃያ ሲገባ፣ እንደ ብስኩት ተሰበረ፤
ዕቃዬ ወለሉን መትታ፣ ነጥራ ጠርዙ ላይ ቆመች፤
አንድ ጋት ብትንሸራተት፣ የባሕሩ ነበረች።

ሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ሂልካ በብስክሌት መጣች፤
ከቅርጫቷ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ቆዳ አወጣች።
"ይሄ አይጮህም" አለች።
"ስለት አለበት፤ ባዶውን ቤት አይሰቀል።"
የቱን ስለት? አላልኳትም። ሞተር አስነሣሁ፤ ሰዓቱ ደርሷል።

የአጋዘን ቆዳ ነው፣ በዘይትና በላብ የጠቆረ፤
ገና እርጥብ ሳለ ተጨምቆ፣ ሌሊቱን ብረት ላይ ያደረ፣
የሌላ ሰው ዕቃ ቅርጽ፣ ሆዱ ላይ የቀረ፤
ስፌቱ በሰም ክር ነው፣ ሰባተኛው ላይ የሰከረ።
የቀንድ ቁልፉ ሲፈታ፣ ትንፋሽ እንኳ አያሰማ።
ግን የግራ እጅ ነው እንጂ!
እኔ ቀኝ ነኝ፤ ግራ ገባኝ።
ሁለት ሳምንት እጄ በቀኝ፣ ባዶ አየር ሲዘግን ዋለ፤
በሦስተኛው ሆዴን ተሻግሮ፣ ግራ ጎኔን ለመደ፣
እንደ ጀልባው፣ ባንድ ገመድ፣ ሄደ መጣ፣ መጣ ሄደ።

ዕቃዬ ከሱ ዕቃ ታንሳለች፤ መስመጥ ነበረባት።
አልሰመጠችም። ጣቴን ብሰድ፣
ከሥሯ አንድ የእርሳስ ጉማጅ፣ ጥርስ የነከሰው፣ ተጋድሟል።
ላወጣው ነበር፣ ተውኩት፤
እሷ እላዩ ላይ ቆማ፣ አንገቷ ብቻ ይታያል።

ሐሙስ ሐሙስ ሂልካ ትሻገራለች፣ ለገበያ፤
መጀመሪያ ወገቤን ሰላም ትላለች፤
እኔን ኋላ፣
ስምንት ደቂቃ ቆይታ።