ለባለቤቱ ይታያል

ድሬ አየር ማረፊያ፣ ሚዛን ላይ ነው ሥራዬ፣
ኪሎ ነው ቋንቋዬ፣ መርፌዋ ናት ዳኛዬ።
ሰው ስንት እንደናፈቀ፣ በሻንጣው አውቃለሁ፣
ከሃያ ሦስት ሲያልፍ ግን፣ "ቀንሱ" እላለሁ።

ሆዳን ዋበሪን ያን ለት፣ "ቀንሺ" አላልኳትም፣
ያ ሁሉ ናፍቆቷ፣ አምስት ኪሎም አይሞላም፤
ሁለት የሕፃን ልብስ፣ ቅቤ በትንሽ ጣሳ፣
ጅቡቲ ላይ እኅቷ ሲራድ፣ ወልዳ ገና ሳትነሣ።

ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ቢበዛ ነው መንገዱ፣
በባቡሩ ዘመን ሰዎች፣ እያወጉ ነበር የሚሄዱ።
በሰማይ ግን ውል አለ፣ ሁለት መንግሥት የፈረመው፣
"ላንተ ሁለት፣ ለእኔ ሁለት"፣ በረራውን የቆጠረው፤
ያም ከሸገር ብቻ ነው፣ ከእኛ ሜዳ አይደለም፣
ውሉን ቢያገላብጡት፣ ድሬ የሚል የለም።

እና ሆዳን ሄደች፣ ወደ ምዕራብ በረራ፣
እኅቷ በምሥራቅ ሳለች፣ ደመናውን ተሻግራ።
ቦሌ ወንበር ላይ አድራ፣ በብርድ ተኮራምታ፣
በነጋው ተመልሳ አለፈች፣ ከራሳችን በላይ ወጥታ።

ስትመጣ ነገረችኝ፦
"አቦ፣ ጣሪያዬን አየሁት፣ በመስኮት ቁልቁል ሳይ፣
ሰማያዊው በርሜል፣ የታጠበ ልብሴ ገመድ ላይ፣
ከደቻቱ አሸዋ ማዶ፣ ገንደ ቆሬ ጥጉ ላይ።"
"ከዚያ ከፍታ?" አልኳት።
"ለባለቤቱ ይታያል!
የሁለት ወር ትርፌን፣ ለአንድ መንገድ ከፍዬ፣
በገዛ ቤቴ ላይ እንግዳ ሆኜ አለፍኩ፣ ወላሂ ወንድምዬ።"

ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ሬድዮ እንዲህ አወራ፦
"ሰማይ ተከፈተ፣ ቀረ የበረራ ቆጠራ።"
አለቃዬን ብጠይቀው፦ "ተዘግቶ ነበር በግድ?
ጭልፊቱስ የሚሻገረው፣ በየት ቪዛ፣ በማን ዘመድ?"
ሳቀ፦ "የሰማይ በር ቀለም፣ ቁልፉ ፊርማ ነው" አለኝ፣
"አንተ ሚዛንህን ዘይት ቀባ፣ ሰው ይመጣል" ብሎ ተወኝ።

መጣም። ሃምሳ ደቂቃ!
ዋጋው በግማሽ ወርዶ፣ ወንበሩ በእጥፍ በዝቶ፣
ባቡር ያጣው ሁሉ ተሰለፈ፣ ከየሰፈሩ ወጥቶ፤
ኩላሊት ያመማቸው አዛውንት፣ ሐኪም ሊያዩ፣
ሙሽራ ሱፉን በክንዱ፣ ሚዜዎቹ የዘገዩ፣
ታይዋን ገበያ የማውቃቸው፣ የኮንትሮባንድ ነጋዴዎች፣
"አስመጪ ነን" ብለው መጡ፣ በሕጋዊ ሻንጣዎች።
በሐምሌ የጅቡቲ ሰው፣ ሙቀት ሲጠብስ ሀገሩን፣
ከዚራ ዛፍ ሥር መጥቶ፣ ዘረጋልን ምንጣፉን።
ሲራድም መጣች፤ ልጇን ሚዛኔ ላይ አስቀመጠችው፣
አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል። ትርፍ አላልኩም፣ የአክስቱ ነው።

ግን ሰማይ መከፈቱ፣ ወንበር አያስሞላም፣
አውሮፕላን ሰው ይቆጥራል፣ ይሉኝታ አያውቅም።
ኅዳር ገባና ነፈሰ፣ ለማዶም በረደ አየሩ፣
አርባ ወንበር፣ ስምንት ሰው፤ ጭር አለ በሩ።
አንድ ሌላ ኩባንያ፣ በርካሽ መጥቶ ነበር፣
በሦስተኛው ወር ጠፋ፣ አንዳች ሳይናገር።
ፊርማው እንዳለ አለ። የጠፋው ተሳፋሪ።
"ማክሰኞና ዓርብ ብቻ"፣ "ማክሰኞ ብቻ"፣ ከዚያ፦
"በሸገር በኩል ሂጂ፣ እመት ሆዳን ዋበሪ።"

ሻንጣዋን ሚዛኔ ላይ፣ ቀስ አድርጋ አኖረችው፣
ልክ ሃያ ሦስት። መርፌዋን እሷም አየችው።
"አልናደድም" አለች፣ "ዘንድሮስ ዘዴ አለኝ፣
ጣሪያዬን ቀይ አስቀብቻለሁ፣ ከላይ ሳልፍ እንዲታየኝ።
መስኮት አጠገብ ስጠኝ፣ በቀኝ በኩል፣ በሞቴ፣
እጄን ላውለብልብለት፣ ለበርሜሉ፣ ለገመዱ፣ ለቤቴ።"

በማግስቱ ከሚዛኔ ወጥቼ፣ አንጋጥጬ አየሁ፤
ነጭ ነጥብ ወደ ምሥራቅ።
እኔም እጄን አነሣሁ።