ለራስ ሲቆርሱ

በርገን ይዘንባል። በርገን ሁሌ ይዘንባል፤
ሰባት ተራራ ከብቦት ደመናው ወዴት ይሄዳል?
ማለዳ፣ ጨለማው ገና ሳይገፈፍ፣
በአውቶቡሱ መስኮት የጠብታውን ሰልፍ
እየቆጠርኩ እሄዳለሁ። ካፖርቴ እርጥብ፣
ቁርሴን ረስቼ፣ የለመድኩትን ረሃብ
በከረሜላ እየሸነገልኩ።

የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ፤
አሥራ አንድ አልጋ፣ አሥራ አንድ ሰው የሚጠብቅ።
አንዱን አገላብጬ፣ አንዷን አጣጥቤ፣
ክኒኑን በሰዓት፣ ሾርባውን በማንኪያ አቅርቤ፣
«አይዞህ» በቋንቋቸው፣ «አይዞሽ» በቋንቋዬ፣
እንዲህ ሲል ከርሟል ስምንት ዓመት ሥራዬ።

«የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች»
ትል ነበር አክስቴ፣ ጎረቤት እያማች።
ለካ ሐሜት አልነበረም፤ ትንቢት ነበር፦
አርሯል ድስቴ፤ ሽታውም ከእኔ በቀር
ለሁሉም ይሸታል።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ወረቀት ሰጠኝ፣
«በጎ በጎውን አስቢ» የሚለኝ።
ከሥሩ ፀሐይ ተስላለች፣ ጥርሷ እስኪታይ የሳቀች፤
በበርገን ኅዳር! መቼ ወጥታ ታውቃለች?
አጥፌ ከደረት ኪሴ ከተትኳት፤
ከሥራ ልብሴ ጋር ታጠበች፤ ቀለሟ ለቀቃት።

ሌሊት ደግሞ ብቻዬን ስቀር
አንድ ድምፅ አለ የሚናገር፦
«ሰነፍ! ዘገየሽ! ወፈርሽ! አረጀሽ!
እኅትሽ ቤት ሠራች፣ አንቺ ምን አፈራሽ?
ቋንቋቸው እንኳ አፍሽ ላይ እንደ ጠጠር ይንኳኳል።»
እንዲህ ያለ ቃል
ለበሽተኛ ቢናገሩት ከሥራ ያስባርራል፤
ለራሴ ስናገረው ግን ማን ይከሰኛል?

አንድ ሐሙስ የሶልቬይን እግር ዘፍዝፌ
ለብ ባለ ውኃ፣ ከሥሯ ተጣጥፌ፣
ጥፍሯን ስከረክም፦ ዘጠና አንድ ዓመት የረገጠ፣
እንደ ዛጎል ጠንክሮ ያገጠጠ፦
«ሰርፌ» አለችኝ። ዘርፌ ማለት አይሆንላትም።
«ያንቺንስ ማን ይቆርጠዋል?» ሌላ አልጨመረችም።

ሳቅሁ። መቀሱን አስቀመጥሁ።
ቃል አጣሁ።
ካልሲዬን የበሳው የአውራ ጣቴ ጥፍር ነው ትዝ ያለኝ፤
መቼ ነበር ጎንበስ ብዬ ያየሁት? ማን ይንገረኝ?

ያን ማታ ስልኬን አጠፋሁ።
ሳፋውን ሞላሁ፣
ጨው በተንኩበት፣ እግሬን ነከርሁት፤
የሰው እግር ይመስል፣ የሶልቬይ ይመስል፣ በሁለት እጄ ያዝሁት።
ተረከዜ ዝናብ ያጣ መሬት፤
በዚህ ሁሉ ዝናብ መሐል፣ ለእሱ ድርቀት።
ቅባት አጠጣሁት። «እናንተዬ» አልኳቸው እግሮቼን፣ አፍሬ፣
«ስንት ደረጃ ወጣችሁልኝ! ምስጋና ቢደርሳችሁ ዛሬ።»

ያ ድምፅ መጣ፣ እንደ ልማዱ በር ሳያንኳኳ።
«ሰነፍ!» ሲለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ላልንኳኳ፣
በሽተኛዬን በማባብልበት ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣
«ደክሟት ነው፣ ተዋት» አልሁት፤
«አይዞሽ» አልሁ ደግሞ፣ ለራሴ፣ በቋንቋዬ።
አልሄደም፤ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤
ብቻ ድምፁ ሰለለ፣ ግማሹን ቃል ዋጠ።

ፀሐይ ወጣች አልልም። በርገን ይዘንባል።
ዛሬም አንዳንድ ሌሊት ያ ድምፅ ይበረታል።
ግን ቁርሴን እበላለሁ፣ እንቁላልና አጃ ዳቦ፣ ተቀምጬ፤
ሥራ ሲደራረብ «አልችልም» እላለሁ፣ ድንጋጤዬን ውጬ።
«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ስግብግብ የሚነካበት ተረት
ነበር እኛ ሰፈር፤ እኔ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በመቀስ ፈታሁት።

ሶልቬይ አሁን በየሳምንቱ «እስቲ አሳዪኝ» ትላለች።
ካልሲዬን አወልቃለሁ። መነጽሯን ታደርጋለች፤
የእሷ ዐሥር ጣት፣ የእኔ ዐሥር ጣት፣ ፊት ለፊት፤
እንደ ጥብቅ አስተማሪ አንድ በአንድ ቆጥራ ጥፍሮቼን በዝምታ፣
«ትንሿ ተረስታለች» አለች ባለፈው፣ በጣቷ ነክታ።

እውነቷን ነው። ትንሿን ረስቻታለሁ።