ሠላሳ ሰባት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው

ዝናቡ አባርቶ፣ መሙ ገና ሳይደርቅ፣
በጦር ሰፈሩ ሜዳ መብራቱ ሲደምቅ፣
ከቢሮ የወጣ፣ ከታክሲ የወረደ፣
ክራባቱን ፈትቶ ወደ ሰልፉ ሄደ።
ሲንጋፖር እንዲህ ነው፤ የተሰናበተም
ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከጦሩ አይወጣም፤
በዓመት አንዴ ይጠራል፣
ክንዱ፣ ሆዱ፣ ሳንባው ዳግም ይመዘናል።

እኔ ሃያ ዓመቴ፣ ግዳጄን ፈጻሚ፣
ሰንጠረዥ የያዝኩ የነጥብ ተርጓሚ።
ሥራዬ ቀላል ነው። ሰው በክንዱ ሲወርድ፣
ደረቱ ከሥሩ ካለው ሳጥን ሲዛመድ፣
ሳጥኑ «ጢጥ» ይላል። «ጢጥ» ካላለ የለም፤
ግማሽ መንገድ ወርዶ የተነሣ አይቆጠርም።

መጀመሪያ ነገሩ ግራ አጋብቶኝ ነበር፤
ያው ሠላሳ ፑሽ አፕ እንዴት ይሆናል ሁለት ቁጥር?
አሥር አለቃ ዌይ ሼንግ ጣቴን ይዞ አሳየኝ፦
«መጀመሪያ ከዕድሜው ላይ አኑር፤ ከዚያ ወደ ጎን ሂድ።
ይህ ወረቀት የሚጠይቀው ጉልበትን አይደለም፤
ጉልበቱ ከስንት ዓመት እንደተረፈ ነው።»

ደግሞም ነጥብ ሁሉ ዋጋው እኩል አይደል፤
የታችኛው በነፃ፣ እንደ ከረሜላ ሲታደል፣
ላይ ስትደርስ ግን አንዷን ነጥብ ለማግኘት
ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስቴ ነው መሞት።
ሩጫው ለብቻው ከመቶው ግማሹን ይዟል፤
አሥር ሰከንድ ያህል አንድ ነጥብ ይመዝናል።

ሐሙስ ማታ መጣ፣ ስሙ ጉናሲላን፣
ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌላውን
ሽቅብ ሲያወጣ፣ ቁልቁል ሲያወርድ የዋለ፤
ራሱን ለማንሣት ክንዱ አቅማማ፣ ዛለ።
ሃያ ሁለት ላይ «ጢጥ»።
ሃያ ሦስት ላይ ሳጥኑ ዝም አለ።

ሩጫውን ጨርሶ፣ ጉልበቱን በእጁ ይዞ፣
«ስንት?» አለኝ በዓይኑ፤ ትንፋሹ ርቆ ተጉዞ
ገና አልተመለሰም።
ደመርኩ። ደገምኩት። አንዲት ነጥብ ጎደለች።

የልደት ቀኑን አየሁ፦ ቅዳሜ።
ጣቴን አንድ ረድፍ ብቻ ዝቅ ባደርገው
ያው ክንድ፣ ያው ሳንባ፣
ሁለት ነጥብ ተርፎት ያልፍ ነበር።
ነገርኩት።
«ሃይካል፣» አለኝ፣ ስሜን ከደረቴ አንብቦ፣
«በሁለት ቀን ሳረጅ ነው ጎበዝ የምባለው?»
መልስ አልነበረኝም። «ወድቋል» ብዬ ጻፍኩ፤
ከግንባሩ ጠብ ያለው ላብ ፊደሉን አሰፋው።

ቅዳሜ ተመለሰ፣
የኬክ ክሬም ከከንፈሩ ጥግ ሳይጠፋ።
ሃያ አንድ ላይ «ጢጥ»፤ ሃያ ሁለት ላይ ዝም።
ሩጫውም ከሐሙሱ ስድስት ሰከንድ ዘገየ።
ሰንጠረዡ ግን «አልፏል» አለ።
አልሳቀ፣ አላዘነ፤
«የልደት ስጦታ መሆኑ ነው» ብሎ
ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ።
ምሕረት ይሁን ንቀት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የሜዳው መብራት በየተራ ሲጠፋ፣
ሳጥኖቹን ሰብስቤ ብቻዬን ቀረሁ።
ጣቴን ከራሴ ዕድሜ ላይ አኖርኩ፤
ቁልቁል አወረድኩት፦ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አራት...
በየረድፉ ትንሽ ትንሽ ይቅር እየተባልኩ፣
ገና ያልደከምኩትን ድካም
ታትሞ አገኘሁት፣
ማኅተም ከሥሩ አርፎበት፣
ስም መሙላት ብቻ ቀርቶት።