ሃምሳ ኦም

ታርቱ ላይ፣ ምድር ቤት፣ ጥር አጋማሹ ላይ፣
በረዶ ሸፍኖት መስኮቱ የማያሳይ፣
ሁለት ሰው ነበርን በኦሲሎስኮፑ ፊት፦
እኔ የሃያ ዓመት፣
ሂልያ ለጡረታ ሳምንት የቀራት።

ጄኔሬተሩን «አንድ ቮልት» አልኩት፤
ቁጥሩን ጠምዝዤ እዚያው ላይ አሰርኩት፤
ስክሪኑ ላይ ግን አረንጓዴው ሞገድ
ሁለት ሆኖ ቆመ፣ ሳይዋዥቅ፣ ሳይንገዳገድ።
እንደገና ለካሁ። ሁለት። ሽቦ ቀየርኩ።
ሁለት። አጥፍቼ አበራሁ፤ ቆጠርኩ፣
ካሬ በካሬ። ሁለት። ቅንጣት አልጎደለው።
«ይሄ ዕቃ ይዋሻል፤ ‹ብልሽት› ብዬ ልጽፍበት ነው።»

ሂልያ አልመለሰችም። መሳቢያዋን ሳበች፣
ቁልፍ፣ ክኒን፣ የሎሚ ከረሜላ ገፋ አረገች፣
ከሥር አንዲት ነሐስ፣ የጣት ጫፍ የምታህል፣
ሃምሳ ኦም በሆዷ፣ ላያት ምንም የማትመስል፣
አውጥታ መግቢያው ላይ አጠበቀቻት፤
የሽቦዬንም ጫፍ በእሷ አሳለፈችበት።
ሞገዱ ወረደ። ልክ አንድ ላይ ቆመ፣
እንደ ፎካሪ ሰው ኩንታል የተሸከመ።

«ራስሙስ፣» አለችኝ፣ «ዕቃው ምን አጠፋ?
ሸክም ሳትሰጠው ነው ድምፁ የሰፋ።
ያ የጻፍከው ቁጥር ሃምሳን አስቦ ነው፤
የአንተ መለኪያ በር አንድ ሚሊዮን ኦም ነው፤
ምንም ለማይወስድ፣ ሁሉን ነው የሚሰጠው።»

አፍሬ ዝም አልኩኝ። እሷ ግን ቀጠለች፣
የፕሮቡ አንገት ላይ ብሎን እያሳየች፤
አራት ማዕዘኑ ሞገድ ትከሻው ጎብጦ፣
እንደ ከረመ ሳሙና ጠርዙ ቀልጦ፣
በፕላስቲክ መፍቻ ጥቂት ስታዞረው
ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቱንቢ እንደ ለካው።
የመሬቱን ሽቦ፣ ያን ረጅም ጅራት፣
ነቅላ አጭር ተካች፤ «የሰማውን ሁሉ
ያወራል እኮ ይሄ ወሬኛ ፍጥረት!»

መሰፈር አይቀርም በሰፈሩት ቁና፤
እሷ ግን አስቀድማ ቁናውን ትሰፍራለችና፣
ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ገና ነን፣ ገና።

ድግግሞሹን ደግሞ ሽቅብ ወሰድኩት፤
መቶ ሜጋኸርትዝ ላይ ሞገዱን አጥሮ አየሁት፣
ከአሥር እጅ ሰባት። «አሁንስ...» ብዬ አፌን ከፈትሁ፤
የኦሲሎስኮፑን ግንባር አነበብሁ፦
«መቶ» ይላል። የዓይኑ ድንበር።
አፌን መልሼ ዘጋሁ።

መዝገቡን ገለጥኩና «አንድ ቮልት» ጻፍኩበት።
እስክሪብቶዬን ነጥቃ ከጎኑ ጨመረችበት፦
«በሃምሳ ኦም።»
እጇ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩን ግን አልሳተም።

በሳምንቱ ወጣች።
ከመሳቢያው ከረሜላውን ወሰደች፤
ነሐሷን ለእኔ ተወች።