ጓጉንቸር

ኅዳር ሲጋመስ ነው በሩን የምዘጋው፤
ከስታንሊ ወጥቶ፣ ጥዱ መንገዱን ከሚውጥበት፣ ካስፋልቱ ማለቂያ፣
ቢጫ የብረት በር፣ ሰንሰለት፣ ጓጉንቸር፣ አንድ ማስጠንቀቂያ፦
«እስከ ግንቦት ዝግ ነው።»

ዘንድሮም ዘጋሁት። ሰንሰለቱ በብረቱ ላይ ተጠመዘዘ፤
ጓጉንቸሩ ግን ዝጎ አልነክስ አለኝ፤ ጣቴም ደነዘዘ።
«ነገ ዘይት ይዤ እመለሳለሁ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት፤
ነገ በረዶ ጣለ። ከነገ ወዲያ ጎማዬ ፈነዳ። ከዚያማ ረሳሁት።

ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ የሸሪፉ ምክትል ዴላ ቀሰቀሰችኝ፦
«ሁለት ቱሪስቶች ጠፍተዋል፤ መጥረጊያ መኪናህን ይዘህ ድረስልኝ።»

ከፖርቱጋል ናቸው፤ አንቴሮ እና ግራሲንዳ፤ ጡረተኞች፤
የኪራይ ነጭ መኪና፤ በረዶ አይተው የማያውቁ ጎማዎች።
የሞቴሏ ኦርላ አፍንጫዋን እየጠረገች ታወራለች፦
«ሐሙስ ቁርስ ላይ ብርቱካን ሰጠችኝ፣ ልጣጩን ሳትበጥስ እንደ ጥምጥም ፈትታ፤
ቦይዚ ለመድረስ ቸኩለዋል፤ አውሮፕላናቸው የዓርብ ማታ።»

እሑድ ጎህ ሲቀድ ካርታው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተነጠፈ።
ጉሙ ሄሊኮፕተሩን አሰረው፤ የውሻው መዳፍ ተገፈፈ።
ዴላ እርሳሷን ስድሳ ሁለት ቁጥር መንገድ ላይ አቆመች፤
«ይሄ ዝግ ነው አይደል?» አለች።
«ዝግ ነው» አልኩ።
አፌ ነው ያለው። እኔ ገና አላሰብኩም ነበር።
መስመሩን ሰረዘችው።

አርባ ሰው ዋናውን መንገድ ዳርና ዳር በዘንግ ሲወጋ ዋለ፤
እኔ እጠርጋለሁ፤ እሱ ይደፍናል፣ ከኋላዬ እየጣለ።
ማታ ካፖርቴን ሳወልቅ አንድ ነገር ከወንበሩ ተጋጨ፤
ብረት።
ኪሴን ዳበስኩት።

ጎህ እስኪቀድ አልጠበቅኩም።
በሩ ወለል ብሎ፣ በረዶ እስከ ወገቡ ውጦት።
ጠይቆ የሄደ አይስትም ይላሉ፤
እነሱም ጠይቀው ነበር፣ ስልካቸውን፤
«በዚህ አርባ ደቂቃ ይቀንሳል» አላቸው። ቀነሰ።
በሬዲዮ ለዴላ «ክፍት ነው» አልኳት።
«ማን ከፈተው?»
«ንፋስ።»

ስድስት ማይል፣ በመጥረጊያ፣ እንደ ኤሊ።
ሊነጋ ሲል ከጥድ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ነገር አየሁ፤
ብርቱካንማ፣ ጥምዝምዝ፣ ያልተበጠሰ።
ከሥሩ ጉብታ። ጉብታው መኪና ነበር።

መስኮቱን ጠረግሁት። ሁለት ዓይኖች።
የወለሉን ምንጣፍ ደርባለች፤ የሱን ካልሲ በእጆቿ አጥልቃለች።
«ትናንት ጠዋት ወጣ፣ ሰው ልጥራ ብሎ» አለች።
ትናንት ጠዋት፤
ዴላ እርሳሷን ባሳረፈችበት ሰዓት።
«በመንገዱ ተጣልተን ነበር። እኔ እንመለስ ስል፣ እሱ ትንሽ ነው የቀረን ሲል፤
ሦስት ሌሊት ባንድ ብርድ ልብስ ጀርባና ጀርባ።
ሳይታረቀኝ ወጣ።»

አንቴሮን ያገኘነው ሚያዝያ ላይ ነው፤ መንገዱ ሲታጠፍ እሱ በጫካው ቆርጦ፣
ለበሩ ሁለት ማይል ሲቀረው፣ ከግንድ ሥር፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ።

ያን ጠዋት ግን ገና ተስፋ ነበር። ማሞቂያው ያገሳል፤
ጋቢናው ውስጥ አጠገቤ ሆና ውሃ ትጎነጫለች፤ ከንፈሯ ይደማል።
«ስምህ ማነው?» አለችኝ።
ነገርኳት።
የማታውቀውን ቃል ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሞከረችው፦
«ታ... ረቀኝ።»
ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ ለጥዱ ይሁን ለማን፣ በዝግታ፦
«ታረቀኝ።»

ፍቺውን አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳት።
ጓጉንቸሩ ኪሴ ነው፣ አፉን እንደከፈተ፤
እኔ መሪውን ጨብጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣
ወደ በሩ።