የእኩለ ቀን እረፍት

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣
ከጫማ መደርደሪያው አንድ ስንዝር በላይ፣
ቁም ሣጥን ውስጥ ያለች ጥቁር ሣጥን አለችኝ፣
አራት ዲስክ አዝላ ሌሊት የምታንጎራጉርልኝ።

ሆዷ የሰው ሰርግ ነው፤ የአራት ዓመት ሰርግ፦
ኬክ ሲቆረስ፣ ሚዜ ሲያልበው፣ አጎት ሲያስረዝም ወግ።
ይህን ሁሉ በካሜራ የለቀምኩት እኔ ነኝ፣
ቅዳሜ ማታ ቀራጺ፣ እሑድ ክፍያ ለማኝ።

ባለ አሥር ጊጋ ካርድ፣ ሁለት፣ በዱቤ ገዛሁ፣
አንዱን ለሣጥኗ፣ አንዱን ለኮምፒውተሬ ሰካሁ።
ሻጂ ነው የሸጠልኝ፣ የኬረላው ባለ ሱቅ፣
«ይበራል» አለኝ በሳቅ፣ «ስለ ፍጥነት አትጨነቅ»።

በረረም። ለሁለት ደቂቃ።
ከዚያ መቶ፣ ሰማንያ፣ ሠላሳ… በቃ።
የሐያት ሰርግ ግማሹ ሄዶ ግማሹ በር ላይ ቀረ፣
ሙሽሪት አንድ እግሯን አውርዳ፣ ሌላው መኪና ውስጥ አደረ።

ዓርብ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን አስሯል፣
«ዲስኩስ?» እያለ ሁለቴ ደውሏል።
እናቷ እዚያ ጎረቤት ጠርታለች፣
ልጇ በሰው አገር እንዴት እንደተዳረች
ልታይ።

መጀመሪያ ገመዱን ከሰስኩ።
ሰማያዊውን ነቅዬ በአዲስ ግራጫ ተካሁ፣
መብራቱ ብልጭ ሲል እንደ ልጅ ተጽናናሁ።
ሁለት ደቂቃ በረረ።
ከዚያ ቀረ።

ቀጥሎ ስዊቹን፣ ቀጥሎ የፓኬቱን ልክ፤
ዘጠኝ ሺህ ሳደርገው ጭራሽ ተሰወረኝ ዲስክ።
መለስኩት። ዲስኮቹን እንደ ታማሚ አዳመጥኳቸው፣
«ጤነኛ ነን» አሉ፤ ዘመድ ለዘመድ ሲመሰክር አይታመንም ብዬ ጠረጠርኳቸው።

ባዶ ወሬ ላክሁ በሽቦው፣ ፋይል የሌለበት፤
እሱም ሮጦ ሮጦ ወደቀ፣ ያለ ሸክም፣ በባዶ አንጀት።
እንግዲህ ዲስኮቹን በሐሰት ነበር የከሰስኩት።

ሻጂ ጋ ደወልኩ፤ «ድራይቨሩን አድሰው» አለ፤ አደስኩት።
«አጥፍተህ አብራው» አለ፤ ስንት ጊዜ አጠፋሁት።
ጠፍቶ ሲያድር ደግሞ ጠዋት ትንሽ ይበረታል፤
ፍንጭ ነበር። የሚያይ ዓይን ከየት ይመጣል?

ሙደሲር ከሥራ ገባ። የመወጣጫ ብረት አሳሪ ነው።
የሸሚዙ ጀርባ በላብ ጨው ካርታ የተሳለበት ነው።
ፎጣውን ሊያወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣
«ኧረ እሳት!» አለና እጁን መልሶ ጎተተ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚሠራው?»
«ሳያቋርጥ።»
«በሩ ተዘግቶበት?»
ዝም አልኩ።

«እኛን እንኳ» አለኝ፣ «በነሐሴ፣ በዚህ ፀሐይ፣
ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ አትውጡ ይሉናል ብረት ላይ።
ሕግ ነው። ፎርማኑ ቢያብድም ጥላ ሥር እንጋደማለን።
ያንተ ሰውዬ ግን ማን ይናገርለት?
ራሱ ለራሱ ነው እረፍት ያወጀለት።»

ጣቴን ካርዱ ላይ አስጠጋሁ። ለበለበኝ።
ሳምንት ሙሉ ቁጥር ሳነብ መንካት አልታየኝ።
ደግሞ ሌላ ነገር፦ ከዚህ ሰው ጋር ሦስት ዓመት ስኖር፣
ሰላምታ እንጂ «ሙቀቱ እንዴት ነበር?»
ብዬው አላውቅም።

የራሱን ማራገቢያ ከአልጋው ራስጌ ፈታ፣
በጫማ ክር አሰራት ከካርዱ ፊት፣ በዚያው ማታ።
የቁም ሣጥኑን በር ነቅለን ኮሪደር ላይ አቆምነው።
ሁለት ደቂቃ። አምስት። አሥር። አልወደቀም። አየነው።
ሐያት ሁለተኛ እግሯን አወረደች።
እልልታው ከተቋረጠበት ቀጠለ።

ሌሊቱን የክፍሉ ኤሲ ያስላል እንጂ አያበርድም።
ሙደሲር ያለ ማራገቢያው ወደ ግድግዳው ዞሮ ተጋደመ፣
አንገቱ ላይ ላቡ ፈሰሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ፈሰሰ።
የካርዱን ባዶ ካርቶን አነሣሁ፤
ከላዩ በትልቁ «ፍጥነት» የሚል አለው፤
አራገብኩለት።
«ተወኝ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣
«ፋይልህን ጠብቅ።»