ግራጫው

ሸዋ በር ላይ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ ደረጃውን ሲያረጥበው፣
ጋሽ ተኮላ ያወረሰኝ አንድ ክፍል ፎቶ ቤት ነው ያለው።
ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ፣ ጥቁር ሣጥን፣
አራት ዲስክ የጎረሰች፣ የማይከደን አረንጓዴ ዓይን፤
በኔትዎርክ ገመድ ከሁለት ኮምፒውተር ታስራ፣
የሃያ ዓመት ደንበኛ ይዛለች፣ ፊቱን በቁጥር መንዝራ።

ጉርድ ፎቶ ይበዛል። ከሐርቡ፣ ከደጋን፣ ከገርባ የመጣች ልጅ፣
ፓስፖርት ልታወጣ፣ ጅዳ ልትሻገር፣ በደላላ እጅ።
«ቀና በይ። ጆሮሽ ይታይ። አትሳቂ።»
ብልጭ።
ቀጣይ።
አንዳንዷ በዓመቷ ወርቅ አስራ ትመለሳለች፣
አንዳንዷ እዚህ ሣጥን ውስጥ ብቻ አለች።

በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ፣ እመት ጦይባ ከቢስቲማ መጡ፤
ጫማ ሊያወልቁ ሲሉ ከለከልኳቸው፣ ተቀመጡ።
«የሉባባን ፎቶ አውጪልኝ። ቤት የነበረውን ጎርፍ በላው።
ትልቅ አድርጊው፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ትንሹን አይለየው።»

ስሟን ጻፍኩ። ፋይሉ አለ። ቀኑ አለ። መጠኑ ልክ፣ አልጎደለም።
ከፈትኩት፤ ግንባር አለ፣ ቅንድብ አለ፣ ከዚያ በታች ሰው የለም።
ግራጫ።
ከአፍንጫዋ ሥር እስከ አንገቷ፣
በእርጥብ ጨርቅ እንደ ተጠረገ ሰሌዳ፣ ግራጫ።
እመት ጦይባ ወደ አምፖሉ ቀና አሉና፦
«መብራት ሄደ እንዴ፣ ልጄ?»

ምን ልበላቸው?
ሌባ አልገባም። እሳት አልነካትም። ሣጥኗ አልወደቀች።
አንዲት ቅንጣት፣ አንድ የነበረች፣ በሆነ ሌሊት ዜሮ ሆነች።
ነቀዝን «ከየት መጣህ?» ቢሉት «ከዚሁ ከእህሉ» አለ አሉ፤
ክዳኑ ሳይነሳ ነው ጎተራው የሚያልቀው በሙሉ።

ኮፒ አለኝ ብዬ እኮራ ነበር። ዓርብ ዓርብ፣ ሳላዛንፍ፣
ሁሉን በሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ፣ አዲሱን በአሮጌው ላይ ስጽፍ።
ሮጬ ሰካሁት። እዚያም ግራጫ።
ታማኝ ነው ለካ ዲስኩ፤ ሕመሙንም ገልብጦታል፣
ደህናውን አጥፍቶ በሽተኛውን በክብር አስቀምጦታል።

ጋሽ ተኮላ ትዝ አሉኝ።
ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ሲዲ አቃጥለው፣
በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከድነው፣
ኮምቦልቻ፣ እህታቸው ዘንድ፣ አልጋ ሥር ያኖሩ ነበር።
እስቅባቸው ነበር።
«አንድ ቤት ያደረ ሁለት ነገር፣ አንድ ነው» ይሉኝ ነበር።

በማግስቱ ሐረጎን ወረድኩ።
ሲዲው ሁለት ጊዜ አንቆ፣ በሦስተኛው ተነበበ።
አገጯ መጣ። አንገቷ። የሻሿ ቋጠሮ።
የከንፈሯ ጥግ፣ አንዱ ብቻ፣ ወደ ላይ ተስቧል።
አትሳቂ ያልኳት እኔ ነበርኩ።
አልሰማችኝም።

አሁን በወሩ መባቻ፣ ደሴ ስትተኛ፣ ሣጥኗን አስነብባታለሁ፤
ከመጀመሪያው ፊት እስከ መጨረሻው፣ አንድም እንዳትዘል እጠብቃለሁ።
እንደ እድር ገንዘብ ያዥ የእያንዳንዱን ድምር ትደምራለች፣
ያኔ፣ ፊቱ ሲገባ፣ ከተጻፈው ድምር ጋር ታስተያያለች፤
ካልገጠመ፣ ከመንትያው ዲስክ ደህናውን ቀድታ ትጠግናለች።
መብራት ቢሄድ ባትሪ አለ። አምስት ዓመት የሞላው ዲስክ፣ ቢሠራም ይወጣል።
አሮጌ ኮፒ ወዲያው አይደመሰስም፤ ስድስት ወር ይቆያል።
አንዱም ኮምቦልቻ ነው። አልጋ ሥር። ቆርቆሮው ራሱ ነው።

እመት ጦይባ ይህን ሁሉ አልጠየቁኝም።
ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ በሩ ላይ ዞር ብለው፦
«እዚያ ሣጥን ውስጥ፣ ይበርዳታል?»
«ይሞቃል» አልኳቸው።
አልዋሸሁም፤ ዲስክ ሲነበብ ይሞቃል።

ዛሬ መባቻ ነው። ጉሙ ወርዷል። ሣጥኗ ማጉረምረም ጀምራለች።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሉባባ ጋ ትደርሳለች።